ልጄ ኤልሞን ይወዳል፣ በአካል ሲያየው ግን ያለቅሳል፤ ምን ላድርግ?

የአቤል እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 3 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ኤልሞ (የ«ሰሰሚ ስትሪት» የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም ቀዩ አሻንጉሊት) ካልተከፈተለት ምሳ አይበላም። በቀደም ልደት ቤት የኤልሞ ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ጮኸ። በሚቀጥለው ወር ፔንስልቬንያ፣ ላንግሆርን ወዳለው ሰሰሚ ፕሌስ (የፕሮግራሙ ገጸ ባሕርያት ያሉበት የመዝናኛ ፓርክ) እንሄዳለን። ትኬት ቆርጠናል። የመድረክ ትርኢቱን ሳይፈራ እንዲያይ ምን ላድርግ? ወይስ ይቅርብን?

ሄለን፦ አይቅርባችሁ እህቴ! የእኔም ልጅ እንዲሁ ነበረች። የሚያስፈራው መጠኑ ነው። የቴሌቪዥኑ ኤልሞ በእጅ የሚንቀሳቀስ ትንሽ አሻንጉሊት ነው። አንቀሳቃሹ ከታች ተደብቆ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ እኛ የምናየው አሻንጉሊቱን ብቻ ነው። መድረክ ላይ ያለው ግን ሙሉ ሰው የገባበት ልብስ ነው። ልጅሽ የሚያውቀው እቅፍ ውስጥ የሚገባ ኤልሞ ድንገት ትልቅ ሰው አክሎ ሲመጣ ለምን አይደነግጥ? የዚያው ፕሮግራም ትልቁ ቢጫ ወፍ ቢግ በርድማ በቴሌቪዥንም ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ የትርኢቱን ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ አሳዪው። አጠገቡ የቆሙትን ልጆች እያሳየሽ «አየህ፣ ኤልሞ ከእነሱ ይበልጣል» በይው። እኛ አንድ ሳምንት ሙሉ በየማታው አየን፣ በጣም ረዳን።

ዳዊት፦ ፊት ለፊት አትቀመጡ። ከኋላ፣ መተላለፊያው ጋ ያዙ። ካለቀሰ ቶሎ ይዘሽው ትወጫለሽ።

ሳራ፦ በዳዊት ሐሳብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእንዲህ ያሉ ትርኢቶች ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ በመተላለፊያው ያልፋሉ። ዳሩን አንቺ ያዢ፣ ልጁ ከአንቺ ወዲያ ይሁን። ድምፁንም አትርሺ፤ ብዙ ልጆችን የሚረብሻቸው እሱ ነው። ፓርኩ በ2018 ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ተስማሚ ነው ተብሎ የምስክር ወረቀት ያገኘ፣ በዓለም የመጀመሪያው የመዝናኛ ፓርክ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል አለው። ድረ ገጹ ላይም እያንዳንዱ ትርኢት ምን ያህል ድምፅና ብርሃን እንዳለው በቁጥር ተቀምጧል። ልጅሽ ኦቲዝም ባይኖርበትም ይጠቅምሻል። ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ያዙ።

ሄለን፦ አዎ! ደግሞ ለፎቶ ብለሽ እንዳታስጠጊው። ከሩቅ እጁን ካወዛወዘ ይበቃል። የእኔዋ ራሷ ተነስታ የሄደችው በሁለተኛው ቀን ነው።

የአቤል እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪዲዮውን ዛሬ ማታ ጀመርን። መጀመሪያ ፊቱን ጉልበቴ ውስጥ ደበቀ። ሦስተኛው ላይ «ትልቁ ኤልሞ» ብሎ ጠቆመኝ።