ጀነሲስ «ቀላሉን መንገድ» መርጧል?

ፎክስትሮት፦ ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ስለ ጀነሲስ አንድ ሰው «ድምፃዊው ፒተር ጌብርኤል ሲወጣ ጀነሲስ ቀላሉን መንገድ መረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የፊል ኮሊንስ ንግድ ነው» ብሎ ጽፏል። እኔ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ፎክስትሮትን ከሁሉም አልበሞቻቸው አስበልጬ እወዳለሁ፤ ስሜም ይመሰክራል። እንዲህ ያለ የጅምላ ፍርድ ግን ያበሳጨኛል። ጌብርኤል የሄደው በ1975 ነው። በዓመቱ በኮሊንስ ድምፅ ኤ ትሪክ ኦፍ ዘ ቴል የተባለውን አልበም አወጡ። እሱ ነው ቀላሉ? ኮሊንስም ከውጭ የመጣ እንግዳ አልነበረም፤ ከ1970 ጀምሮ ከበሮ መቺያቸው ነበር፤ በ1973 «ሞር ፉል ሚ»ን የዘፈነውም እሱ ነው።

ሰፐርስ ሬዲ፦ 1976ን ጠቅሰህ አታምልጥ። ክርክሩ ስለ 1986 ነው። 23 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው «ሰፐርስ ሬዲ»ን የሠራ ቡድን በ«ኢንቪዚብል ታች» የአሜሪካን የዘፈን ደረጃ ሰንጠረዥ አናት ሲይዝ ቀላሉን መንገድ አልመረጠም የምትለኝ ከሆነ የምንነጋገርበት ነገር የለም።

ቆጣሪው፦ ቀላል የምትሉትን እስቲ ቁጠሩት። በ1980 የወጣው «ተርን ኢት ኦን አጌን» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገብቷል። ዙሩ እንደ ተለመደው ፖፕ አራት አራት ሳይሆን 13 ምት ነው። ዘፈኑ ሲጀምር አጨብጭቡ፤ ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ እጃችሁ ከከበሮው ይለያል። ሬዲዮ ላይ ሲሰማ ግን ማንም አያስተውለውም፤ ዜማው እየጎተተ ይወስደዋል። ድሮ የምቱን ውስብስብነት ለሁሉም ያሳዩ ነበር፤ በኋላ ሸሸጉት። መሸሸግ ከማሳየት ይከብዳል።

ሰፐርስ ሬዲ፦ አንድ ዘፈን አንስተህ አሥር ዓመት አታድንም። 13 ምት ስለቆጠርክ ስሜቱ አይመለስም። «ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ» ላይ ጌብርኤል መጀመሪያ በዋሽንት የሚነፋውን ዜማ ጊታሪስቱ ስቲቭ ሃኬት በኋላ በጊታር ይረከበዋል፤ አንዷን ድምፅ ይዞ ያቆያታል፣ ያቆያታል፣ ኪቦርዱ ከሥር እያበጠ ይመጣል። ከ1977 በኋላ እንዲህ ያለ ነገር አሳየኝ። ሃኬት ወጣ፤ ነፍሱም አብራው ወጣች።

የዱክ ልጅ፦ ሃኬትን ማንም አልነካውም! እኔ የማልቀበለው ጥፋቱን ሁሉ በኮሊንስ ጫንቃ ላይ መጫናችሁን ነው። ኪቦርዲስቱ ቶኒ ባንክስና ባሲስቱ ማይክ ራዘርፎርድ ከ1967 ጀምሮ ነበሩ። የ«ፎሎው ዩ ፎሎው ሚ» ግጥም የራዘርፎርድ ነው፤ ዜማው የሦስቱም። የ1983ና የ1986 አልበሞች ላይ ሁሉም ዘፈን በሦስቱም ስም ነው የተመዘገበው። መንገዱ ቀላል ከነበረ ሦስቱም ናቸው የሄዱበት። ባንክስን ግን ማንም አይወቅስም፤ ምክንያቱም «ፈርዝ ኦፍ ፊፍዝ»ን የሠራው እሱ ነው።

ሰፐርስ ሬዲ፦ እህቴ፣ ያ የሰማንያዎቹ የከበሮ ድምፅ፣ ማሚቶው በመቀስ እንደተቆረጠ ድንገት የሚጠፋው፣ እሱስ የማን ነው? ኮሊንስ ይዞት የመጣው አይደለም?

ቆጣሪው፦ መልካም፣ በዚህ እንነጋገር። ያ ድምፅ በአደባባይ የወጣው በራሱ በጌብርኤል ሦስተኛ አልበም በ1980 ነው። ከበሮ መቺው ኮሊንስ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ሂው ፓጅሃም። ሲምባል እንዳይመታ የከለከለውም ጌብርኤል ነው። የኮሊንስ «ኢን ዚ ኤር ቱናይት» የመጣው ከዚያ በኋላ በ1981 ነው። እንግዲህ ጌብርኤል ሲሠራው ፈጠራ፣ ኮሊንስ ሲሠራው ንግድ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ሰፐርስ ሬዲ፦ ጌብርኤል ለአንድ አልበም ተጠቅሞበት አለፈ። ኮሊንስ ሙያ አደረገው።

ፎክስትሮት፦ ይህ ውኃ የማያነሳ መልስ ነው። አንድ ነገር ደጋግሞ መሥራት ጥፋት ከሆነ የሜሎትሮን፣ የዚያ የድሮ ባለ ቴፕ ኪቦርድ፣ ድምፅ በስንት አልበም ላይ እንደሰማን አንተም ታውቃለህ።

የዱክ ልጅ፦ ኢንቪዚብል ታች ላይ ያለውን «ዶሚኖ»ን ለምን ትዘሉታላችሁ? ሁለት ክፍል፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ። በዝግታ ይጀምራል፣ ከዚያ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይሸሻል። አልበሙን ለ«ኢንቪዚብል ታች» ብሎ የገዛ ሰው ሳያስበው ይህንንም ይዞ ቤቱ ገባ። በ2022 ለንደን ላይ ባበቃው የመጨረሻ ጉዟቸውም ተጫውተውታል።

ሰፐርስ ሬዲ፦ በዚያው ጉዞ መዝጊያው ምን ነበር? «ዘ ካርፔት ክሮውለርስ»፣ በ1974 ጌብርኤል የዘፈነው። ራሳቸው የሚያውቁትን እናንተ ትክዳላችሁ።

የዱክ ልጅ፦ ማን ዘፈነው? ኮሊንስ፣ ቆሞ መዝፈን ሳይችል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ልጁ ከኋላው ከበሮ እየመታለት። ጌብርኤልም ከታዳሚው መካከል ነበር። ያንን ሰው ነጋዴ ማለት ይከብደኛል፤ ይቅርታ።

ቆጣሪው፦ ለሰፐርስ ሬዲ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮሊንስ በ1996 ወጣ። ባንክስና ራዘርፎርድ አዲስ ድምፃዊ ሬይ ዊልሰንን ይዘው በ1997 ኮሊንግ ኦል ስቴሽንስ የተባለውን አልበም አወጡ። ቀላሉን መንገድ ያመጣው ኮሊንስ ከነበረ፣ እሱ ሲሄድ የ1973ቱ ጀነሲስ ለምን አልተመለሰም?

ሰፐርስ ሬዲ፦ ሃኬት ስላልነበረ።

ቆጣሪው፦ እስካሁን ጌብርኤል ነበር የምትለው!

ሰፐርስ ሬዲ፦ ሁለቱም። ከመጀመሪያው አንብበው።