ለሥራ ጉዞ ሆቴልን በሦስተኛ ወገን ድረ ገጽ ማስያዝ ምን ያህል ያዋጣል?

ጥያቄ (የአስተዳደር ሠራተኛ፣ ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር ለሚሄዱ ባልደረቦቼ ማረፊያ የማስያዘው እኔ ነኝ። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አንዲት ባልደረባችን ባሕር ዳር ስብሰባ ስለነበረባት፣ በአንድ የውጭ ድረ ገጽ የሁለት ሌሊት ክፍል ይዤ ሙሉውን በካርድ ከፈልኩ። መኪናዋ ኢንጅባራ ላይ ተበላሽታባት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስትደርስ፣ እንግዳ ተቀባዩ መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ስሟን አገኘው፤ ነገር ግን በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ነበር። «አልመጣችም» ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እስኪነጋ ድረስ በእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ አደረች። ሆቴሉ ድረ ገጹን ጠይቁ ይላል፣ ድረ ገጹ ሆቴሉን ጠይቁ ይላል፤ ኦዲተራችን ደግሞ የኢሜይል ማረጋገጫ ደረሰኝ አይደለም ብሎ ሒሳቡን አልቀበልም አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ባሕር ዳር)

እኅቴ፣ በደረሰባችሁ ነገር ከልብ አዝናለሁ። በድረ ገጽ የሚመጣ ማስያዣ ብዙ ጊዜ የእንግዳው መድረሻ ሰዓት የለውም፣ አንዳንዴም የስልክ ቁጥር የለውም፤ ስለዚህ በበዓል ሰሞን ሰው በሩ ላይ ቆሞ ክፍል ሲለምን፣ እስከ ማታ ያልመጣን እንግዳ ደውለን ልንጠይቅ አንችልም። ይህ የሆቴሉን ጥፋት አያስቀርም፤ የተከፈለበትን ክፍል ለሌላ መስጠት አይገባም ነበር። አሁን የሚጠቅማችሁ ሆቴሉ ክፍያውን መተዉን ለድረ ገጹ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ መጠየቅ ነው፤ ያለዚያ ድረ ገጹ ገንዘቡን የሚመልስበት ምክንያት የለውም። ለወደፊቱ ግን በቀጥታ ደውላችሁ የድርጅት ዋጋ ጠይቁ። ሆቴሉ ለድረ ገጹ ከሚከፍለው ኮሚሽን ስለሚድን ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ፈቃደኛ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

መልስ (የሒሳብ ባለሙያ፣ ቡሬ)

ኦዲተሩ ልክ ነው። ወጪው እንዲያዝና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ እንዲቀናነስ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ያስፈልጋል። ገንዘቡን የተቀበለው ድረ ገጹ ከሆነ ደግሞ ሆቴሉ «ከእናንተ አልተቀበልኩም» ብሎ ደረሰኝ ለመቁረጥ ያቅማማል። በድረ ገጽ መያዝ ግድ ከሆነ እንኳ ክፍያው ሆቴሉ ውስጥ የሚፈጸምበትን ምርጫ ይውሰዱ። ብዙ ሆቴሎች በዋጋው ላይ የአገልግሎት 10 በመቶ እንደሚጨምሩም አይዘንጉ፤ በድረ ገጹ የታየው ዋጋ ታክሱንና ይህን ማካተቱን ሳያረጋግጡ በጀት አያስጸድቁ። ከሆቴሉ የመጣ መስሎ «ካርድዎን እንደገና ያረጋግጡ» የሚል መልእክት ቢደርስዎም ሊንኩን ሳይነኩ ለሆቴሉ ይደውሉ፤ በዚህ መንገድ የካርድ ቁጥር የሚሰርቁ አሉ።

መልስ (ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም)

ቀኑንም ልብ ይበሉ። ድረ ገጹ የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው፤ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ሲሆን፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚደርስ ሰው ደግሞ በእነርሱ አቆጣጠር የደረሰው በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ ክፍሉ የሚያዘው በዋዜማው ቀን ሆኖ፣ እንግዳው አምሽቶ እንደሚገባ ለሆቴሉ አስቀድሞ መነገር አለበት። እኔ ራሴ ይህን ባለማወቄ በአንድ ቀን ተሳስቼ አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ አጥቻለሁ።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደውዬ ክፍያውን መተዋቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ለድረ ገጹ እንዲጽፉ ጠይቄ ተስማምተዋል፤ ግልባጩን ለኦዲተራችን አቀርባለሁ። ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ከሌላ ሆቴል በቀጥታ በድርጅታችን ስም ፕሮፎርማ አስልኬያለሁ፤ ታክሱና ቁርሱ መካተታቸው፣ እንግዳዋም እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ብትዘገይ ክፍሉ እንደሚጠበቅላት በጽሑፍ ሰፍሯል።