በሰው አገር የአትክልት ስፍራ ንድፍ ሥራ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከአገር ቤት ይዤ የመጣሁት የዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለኝ፤ እዚህ በከተማ የአትክልት ስፍራና የላንድስኬፕ (የግቢና የክፍት ቦታ አቀማመጥ) ንድፍ መሥራት እፈልጋለሁ። ዲግሪው ይበቃል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱን መጠሪያዎች ለይ። «ላንድስኬፕ አርክቴክት» በብዙ ቦታ በሕግ የተጠበቀ ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ በ50ውም ግዛቶች ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ፈቃዱም ፈተናና የሥራ ልምድ ይፈልጋል። «ጋርደን ዲዛይነር» (የአትክልት ስፍራ ነዳፊ) ለመባል ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ የትምህርት ማስረጃህን እያስገመገምክ በሁለተኛው ስም ጀምር። ፈቃድ ሳይኖርህ የመጀመሪያውን ስም ቢዝነስ ካርድህ ላይ እንዳትጽፈው፣ ያስቀጣል።

የጣሪያ ላይ አትክልት ከመጣ መሐንዲስ ሳታማክር አትንካው። ውኃ የጠገበ አፈር በሜትር ኩብ ከ1,600 እስከ 2,000 ኪሎ ይመዝናል። 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብታለብስ እንኳ በየካሬ ሜትሩ ከ160 እስከ 200 ኪሎ ጫንክ ማለት ነው። የጓሮ አፈር ቀርቶ ለጣሪያ የተዘጋጀ ቀላል ቅይጥ የሚገዛው ለዚህ ነው።

ሌላ መልስ፦ ዕፅዋት ማወቅህ ጥሩ ስንቅ ነው። ግን ፖርትፎሊዮህን (የሥራ ናሙናዎችህን) የሚያይ ሰው አበባውን ሳይሆን ቦታውን እንዴት እንዳነበብከው ነው የሚፈልገው። ልኬትን ልመድ። አንድን ዛፍ ወረቀት ላይ ለማስቀመጥ ከቤቱ ሁለት ማዕዘኖች እስከ ግንዱ በሜትር ለካ። በ1፡100 መስፈርት ወረቀት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ሜትር ነው። ሁለቱን ርቀቶች በኮምፓስ (በክብ መሥሪያው) ከየማዕዘናቸው ስታሰምር ቅስቶቹ የሚገናኙበት የዛፉ ቦታ ነው። አንድ ዛፍ በዚህ መንገድ በትክክል ያስቀመጠ ሰው ግቢውን በሙሉ ወረቀት ላይ ማስፈር ይችላል።

ቀጥሎ ውኃው። ንጣፍ ከግድግዳው ሲርቅ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይበል፤ ወደ ቤት ካዘነበለ መሠረቱ ይረጥባል። የአፈሩን መስረግ ለማወቅ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረህ በውኃ ሙላ፣ ሲጠልቅ ደግመህ ሙላና በሰዓት ስንት እንደሚወርድ ለካ። ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ሥር ይታፈናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የግንባታ ማሽን አፈሩን ስለደፈጠጠው ነው፣ ስለዚህ ከላይ ኮምፖስት መበተን ብቻውን አያድነውም፤ መጀመሪያ በጥልቀት መቆፈር አለበት።

ጥያቄ፦ አዲስ ዛፎች ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚደርቁት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ በጥልቅ ስለተተከሉ ነው። ግንዱ ወደ ሥር ሲሰፋ የሚታየው አንገት ከመሬት በላይ መታየት አለበት። ጉድጓዱ ሥሩ ከያዘው አፈር ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይስፋ፣ ግን ከእሱ አይጥለቅ። በማሰሮ ውስጥ የተጠቀለሉትን ሥሮች ሳትቆርጥ አትትከል፣ ውለው አድረው ግንዱን ያንቁታል። ጉዝጓዙ (አፈሩን የሚሸፍነው ቅጠል ወይም የእንጨት ስብርባሪ) ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁንና ግንዱን አይንካ። ከደንበኛህ ጋር የምትፈርመው ውል ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ በግልጽ ጻፍ።