ቲማቲሜ ከአናቱ እየገረጣ ነው፣ ዓሣዎቹ ግን ደህና ናቸው። ዛሬ ምን ላድርግ?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዬ ላይ ዓሣና ቲማቲም በአንድ ውሃ አሳድጋለሁ። ፓምፑ የዓሣውን ውሃ ወደ ጠጠሩ ያወጣዋል፣ ቲማቲሙ ጠጠሩ ላይ ነው፣ ውሃው ተጣርቶ ይመለሳል። እስካለፈው ሳምንት ሁሉም ሰላም ነበር። አሁን ቲማቲሙ ቢጫ ሆነ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ጭራሽ ወደ ነጭ እየሄደ ነው። አበባውም ይረግፋል። ክሎሪን ነው፣ እርግጠኛ ነኝ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ሽታው ኃይለኛ ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ ውሃውን በሙሉ ደፍቼ ጠጠሩንም አጥቤ ልጀምር ነው። ልክ ነኝ?

የጓሮ ሰው፦ ኧረ እንዳትደፊው! ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል ነው? ከላይ አዲስ የወጣው ወይስ ከታች ያረጀው? የቅጠሉ ጅማትስ አረንጓዴ ነው ወይስ አብሮ ገርጥቷል? ይኼን ሳናውቅ ማንም ምንም ቢልሽ እንዳትሰሚ።

የሜክሲኮ ልጅ፦ አመድ ነስንሺበት። እናቴ ጎመኑም ቲማቲሙም ቢጫ ሲልባት አመድ ነበር የምታደርገው። በሳምንቱ ይለመልማል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንረዳው። ዓሣ ከበላ በኋላ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። ጠጠሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ቲማቲሙ የሚመገበው ይህንኑ ናይትሬት ነው። ጠጠሩን በቧንቧ ውሃ አጥበሽ ካጸዳሽው እነዚህን ባክቴሪያዎች ገደልሻቸው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ዓሣሽ ያልቃል። ሌላው፣ የዓሣ መኖ ናይትሮጂን አያጣም። ብረት፣ ፖታሲየምና ካልሲየም ግን ለቲማቲም የሚበቃ ያህል የለውም። ሦስተኛ፣ የከተማችን ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ የሚመጣው የግድብ ውሃ ነው፤ ከአቃቂ የሚመጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ማዕድን ይበዛዋል። ስለዚህ አንዱ ሰፈር የሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገረጣው ከላይ አዲሱ ነው። ጅማቱ አረንጓዴ ነው። የታችኛው ቅጠል ደህና ነው። ታዲያ ክሎሪን አይደለም ትሉኛላችሁ?

ካዛንቺስ፦ ክሎሪን ቢሆን ቀድሞ የሚጎዳው ዓሣው ነበር። የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥለዋል። ዓሣው እየዋኘ፣ እየበላ፣ ቲማቲሙ ብቻ በክሎሪን ተጎዳ አይባልም። እዚህ ላይ አልስማማም። ለወደፊቱ ግን ከቧንቧ በቀጥታ አትጨምሪበት። በባልዲ ቅጂና ክፍቱን አንድ ቀን ይደር።

አራት ኪሎ፦ ቲማቲሙን ተይውና ዓሣው ሲደርስ ጥሪን፣ ቲማቲም እኛ ይዘን እንመጣለን። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውንም እዚያው እንጨርሰዋለን። ለማንኛውም ጠጠርሽ ምንድን ነው? እኛ ቤት ሬድ አሽ፣ ያ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው ያለው።

ጠያቂዋ፦ ጠጠሩ? ነጭ ነው። ከእብነ በረድ መቁረጫ ቤት የተራረፈ። ጠጠር ምን አገባው? ዓሣው ቆሮሶ ነው፣ ታንከሩ 300 ሊትር ይይዛል።

የጓሮ ሰው፦ በይ አሁን ተገኘ! ቤት አቼቶ አለሽ? ከጠጠሩ ጥቂት ፍሬ አውጪና አድርቂው፤ ከዚያ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ይሟሟና ፒኤቹን፣ ማለትም የውሃው አሲድነት የሚለካበትን ቁጥር፣ ከ7 በላይ ይዞት ይቀመጣል። ውሃው እንዲህ ሲሆን ብረት ይዘቅጣል፣ ቲማቲሙ ሊወስደው አይችልም። ብረት ደግሞ ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲሱ አይዛወርም። አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ማግኒዚየም ቢያጥረው ከታች ይጀምር ነበር። ፖታሲየም ቢሆን የታችኛው ቅጠል ዳር ዳሩ ይቃጠል ነበር። ቅጠሉ ራሱ ይናገራል፣ የሚጀምርበትን ቦታ ማየት ብቻ ነው።

የሜክሲኮ ልጅ፦ አመድ አልኩ እኮ። አመድ ፖታሲየም አለው።

የጓሮ ሰው፦ ወንድሜ፣ ለእናትህ ጓሮ ልክ ነህ። አመድ ግን ፒኤች ወደ ላይ ይወስዳል። የሷ ችግር ደግሞ ፒኤቹ መውጣቱ ነው። እባክህ አመዱን ለጎመንህ አቆየው።

ሰንጋተራ፦ የዛገ ምስማር ውሃው ውስጥ ብትጥልስ? ወይ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን የአይረን ኪኒን ፈጭታ?

ካዛንቺስ፦ ዝገት እንደዚህ ባለ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ኪኒኑም ቢሟሟ ቶሎ ይዘቅጣል።

ጠያቂዋ፦ ማታ ገብቼ ሞከርኩት። ጠጠሩ ላይ አቼቶው ፈላ! ከጎረቤት ልጅ የፒኤች ወረቀት አግኝቼ ለካሁ፣ ቀለሙ 8 አካባቢ ያሳያል። አሁን አቼቶውን ታንከሩ ውስጥ ላፍስሰው?

የጓሮ ሰው፦ አታፍስሺ። ጠጠሩ እስካለ ድረስ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። መውረዱና መውጣቱ ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ጠጠሩን ቀይሪው፣ ግን ባንዴ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ እሱ ላይ ናቸው። ግማሹን በታጠበ ሬድ አሽ ተኪ፣ ጥቂት ሳምንታት ቆይተሽ ቀሪውን። ሬድ አሽሽንም መጀመሪያ በአቼቶ ሞክሪው። የምንፈልገው ከ6.8 እስከ 7 ነው። ፒኤች ከፍ ሲል አሞኒያም ለዓሣው ይበልጥ መርዛማ ስለሚሆን እስከዚያው መኖ ቀንሺ።

ካዛንቺስ፦ ለቅጠሉ ደግሞ ቺሌትድ አይረን፣ ማለትም እንዳይዘቅጥ በሌላ ውህድ የተያዘ ብረት ያስፈልጋል። የአበባ እርሻዎች ስለሚጠቀሙበት የግብርና ግብዓት ሱቆች ጋ ጠይቂ። በሊትር 2 ሚሊግራም ብረት ነው የሚፈለገው። ለ300 ሊትር 600 ሚሊግራም ይሆናል። ከረጢቱ ላይ ብረት 6 በመቶ ከተባለ 10 ግራም ዱቄት ማለት ነው። በማንኪያ አትገምቺ፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ይመዝንልሻል። የገረጣው ቅጠል ራሱ ላያገግም ይችላል። የምታዪው ቀጥሎ የሚወጣውን ነው።

አራት ኪሎ፦ አበባው የሚረግፈው ግን በብርዱም ሊሆን ይችላል። ኅዳር ነው። የሌሊቱ ሙቀት ከ13 ዲግሪ በታች ከወረደ ቲማቲም ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። ማታ ማታ በረንዳውን በላስቲክ ጋርጂው። ቆሮሶም የሞቀ ውሃ ነው የሚወደው፤ በብርድ መብላት ይቀንሳል። ደግሞ ነጭ ዝንብ መጣ ብለሽ መድኃኒት እንዳትረጪ። ዓሣው ያልቃል፣ ያኔ ግብዣችንም ይቀራል።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄዶ መጠየቅም ጥሩ ነው። ዓሣን በተመለከተ እዚያ ባለሙያ አለ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። ሬድ አሽ ከሰፈራችን ግንባታ ላይ አገኘሁ፣ በአቼቶ አልፈላም። አይረኑንም አግኝቻለሁ። ከረጢቱ ላይ ኢዲቲኤ ይላል። ይኸው ነው አይደል?

ካዛንቺስ፦ አይ፣ እሱን መልሺው። ኢዲቲኤ ብረቱን የያዘው ውህድ ስም ነው፤ ፒኤች ከ6.5 ካለፈ ብረቱን ይለቀዋል። 8 ላይ ገንዘብሽን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ለአሁኑ ኢዲዲኤችኤ የሚል ፈልጊ። ውሃውን ቀይ ያደርገዋል፣ አትደንግጪ፣ በዚህ መጠን ዓሣውን አይጎዳም። ጠጠሩን ጨርሰሽ ቀይረሽ ፒኤቹ 7 አካባቢ ሲረጋ ዲቲፒኤ የሚለው ይበቃሻል።