ክርክር፦ የጀርመን አይዲያሊስቶች ለፕሩሲያ መንግሥት ያደሩ ነበሩ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የጀርመን አይዲያሊስቶች የምንላቸው እውነታን ከአእምሮና ከሐሳብ ተነሥተው የሚያስረዱ ፈላስፎች ናቸው፤ ካንት፣ ፊሽተ፣ ሼሊንግና ሄግል። ፕሩሲያ ደግሞ ዋና ከተማዋ በርሊን የሆነ ኃያል የጀርመን መንግሥት ነበረች። አንድ ወንድማችን «ከካንት እስከ ሄግል ያሉት የፕሩሲያ ደመወዝተኞች ናቸው። ፈረንሳዮች አብዮት ሲያካሂዱ እነሱ ሐሳብ ላይ ተኝተው ነበር» ብሏል። እስቲ ተነጋገሩበት። ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ ጻፉ።

የታሪክ መምህሩ፦ እኔ አልስማማም። ካንትን እንይ። በ1793 ስለ ሃይማኖት መጽሐፍ አሳተመ። በዓመቱ ከፕሩሲያው ንጉሥ የተግሣጽ ደብዳቤ መጣበት። ያኔ 70 ዓመቱ ነው። የግርማዊነትዎ ታማኝ ተገዥ እንደመሆኔ ስለ ሃይማኖት ከእንግዲህ አልጽፍም ብሎ ቃል ገባ። ንጉሡ በ1797 ሞቱ። ካንት በ1798 ደብዳቤውን ከነመልሱ አሳተመው። ቃሉ የሚያስረው ንጉሡ በሕይወት እስካሉ ብቻ ነበር፤ ያቺን «ተገዥ» የምትል ቃል ሆን ብሎ ነው የመረጣት። ይሄ ያደረ ሰው ነው?

ወንድማችን፦ መምህር፣ ካንትን ልቀበል። ሄግልስ? በ1818 በርሊን ገብቶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በዓመቱ የጀርመን መንግሥታት የተስማሙባቸው የካርልስባድ ድንጋጌዎች ወጡ፤ ሳንሱር ጠበቀ፣ መምህራን ተባረሩ። እሱ ግን በ1820 ባወጣው የሕግ ፍልስፍና መቅድም ፈላስፋውን ፍሪስን በስሙ ጠርቶ ዘለፈው። ፍሪስ በፖለቲካ ምክንያት ከማስተማር የታገደ ሰው ነው። በወደቀ ግንድ ምሳር ማብዛት ነው።

የፍልስፍና ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ «ፕሩሲያ» የምትለው ራሱ አያስኬድም። የፈረንሳይ አብዮት በ1789 ሲፈነዳ ጀርመን አንድ አገር አይደለም፤ ወደ 300 የሚጠጉ ግዛቶች ነው። ሄግል ያኔ ቱቢንገን የሚማር ወጣት ነው፤ ሼሊንግም በ1790 እዚያው ገባ፤ ቱቢንገን ደግሞ የፕሩሲያ ሳትሆን የቩርተምበርግ ግዛት ናት። ፊሽተ በ1799 ሃይማኖት የለሽ ተብሎ ዬና ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ሲያጣ መጠጊያ ያገኘው እንዲያውም በርሊን ነው።

ደግሞ ጥቅምት 13 ቀን 1806ን አስቡት። የናፖሊዮን ጦር ዬና ገብቷል። ሄግል የመጀመሪያ ትልቅ መጽሐፉን እየጨረሰ ነው። ከፊሉን ጽሑፍ በጦርነት መሐል በፖስታ ልኮ ይድረስ አይድረስ እያለ ይጨነቃል። የዚያን ቀን ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ንጉሠ ነገሥቱን፣ ያቺን «የዓለም ነፍስ»፣ በፈረስ ሲያልፍ አየሁት አለ። ፈረንሳዮች እንዲቀናቸውም ይመኝ ነበር። በማግስቱ የፕሩሲያ ጦር ተደመሰሰ። ጌታው ፕሩሲያ ብትሆን ኖሮ እንዲህ ይጽፋል?

ወንድማችን፦ የዬናውን ተቀበልኩ። የ1806ቱ ሄግል ግን የ1820ው አይደለም። ሰው ደመወዝ ሲበላ ይለወጣል።

የታሪክ መምህሩ፦ በርሊን እያለም ተማሪው ሲታሰር ገንዘብ አስይዞ ዋስ ሆኖለታል። ይህም ይቆጠርለት።

ወንድማችን፦ ይቆጠርለት መምህር። የፍሪስ ጥያቄዬ ግን አሁንም አልተመለሰልኝም።