ለቱሪስት ሳይክል ማከራየትና ማስጎብኘት ልጀምር ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

አዲስ_ጀማሪዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አራት አመት ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሰርቻለሁ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ አይነት ነገር ነው፣ ግማሽ ቀን አለኝ ምን ልይ፣ ሳይክል የት አገኛለሁ ምናምን። እኔም ሁሌ የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ነው ጽፌ የምሰጣቸው፣ እና በቃ ለምን ራሴ አልሰራውም አልኩ። ሀያ ሳይክል የሚገዛ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ፣ አንድ ሱቅም አይቻለሁ ግን አከራዩ የአንድ አመት ቅድሚያ ካልከፈልሽ ይለኛል። ስራዬን ለቅቄ ልግባበት ወይስ ልቆይ? ደሞ ጉብኝት ኦንላይን የሚሸጡት ድርጅቶች ብዙ ኮሚሽን ይቆርጣሉ ሲባል እሰማለሁ፣ እውነት ነው? የሰራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፣ ገንዘቡ ያለኝ ሁሉ ነው።

መንገደኛው፦
እህቴ እባክሽ ሱቁን አሁን አትፈርሚ። እኔ ሰባት አመት ቱሪስት በእግር ሳስጎበኝ ነው የኖርኩት። እንግዳው ስንት ሰአት ላይ ከክፍሉ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያሰለቸው፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው አንቺ አራት አመት ሙሉ ስትሰሚው የኖርሽው ነገር ነው፣ ሳይክል ገዝቶ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሁሉ ይሄን አያውቅም፣ ስለዚ መጀመሪያ እሱን ሽጪ። በእረፍት ቀንሽ የሶስት ሰአት ጉብኝት አዘጋጂና አምስት ስድስት ሳይክል ከሚያከራይ ሰው በቀን እየተከራየሽ ይዘሻቸው ውጪ። ትርፉ ትንሽ ነው፣ ግን አስር ጊዜ ስትወጪ ሰው የትኛው ዳገት ላይ እንደሚደክም፣ የት ጋ መቆም እንደሚወድ፣ ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ የሚሄደው ማን እንደሆነ በደንብ ይገባሻል። ሰው ቤቱን ለእንግዳ የሚያከራይበትን ኤርቢኤንቢን የጀመሩት ልጆች እኮ እ.ኤ.አ በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለስብሰባ ብዙ ሰው መጥቶ ሆቴል ሲጠፋ የተከራዩት ቤት ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው ሶስት እንግዳ በማሳደር ነው የጀመሩት።

ኮሚሽኑ እውነት ነው። ቪያተርና ጌትዩርጋይድን የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ፐርሰንት ይወስዳሉ። እኔም መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፣ ግን ማንም ሳያውቀኝ እንግዳ ያመጡልኝ እነሱ ናቸው፣ ደሞ ካልሸጡ አይወስዱም፣ ማስታወቂያ ላይ ያፈሰስኩት ገንዘብ ግን እንግዳ መጣም አልመጣም ሄዷል። ብቻ ዋጋ ስታወጪ ከመነሻው አስልተሽ አስገቢው፣ በ100 የሸጥሽው 25 ሲቆረጥ 75 ነው የሚቀርሽ፣ የሳይክሉ ኪራይ፣ ታክሱ፣ ውሃው፣ ያንቺ ድካም ሁሉ የሚወጣው ከዛ ላይ ነው። ሌላው ደሞ ክፍያው የሚገባልሽ ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ ስለሆነ እስከዛ የምትንቀሳቀሺበት ገንዘብ ያስፈልግሻል፣ እንግዳው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ 24 ሰአት እስኪቀረው ድረስ በነጻ ካንስል ማድረግ ይችላል። ስለዚ ከሳይክሉ ባለቤት ጋርም እንደዛው ተስማሚ፣ አለዚያ ስምንት ሰው ብለሽ ይዘሽ አራቱ ሲቀሩ የስምንቱን ትከፍያለሽ። ጉግል ማፕ ላይ መመዝገብ በነጻ ነው፣ እሱን አትርሺ።

ጎማ_ነፊ፦
ስለ ሳይክሉ ራሱ ማንም ስላላነሳ ልጨምር፣ እኔ የኪራይ ሳይክል እጠግናለሁ። ሀያ አንድ አይነት ሳይክል ከገዛሽ ግማሹ ቆሞ ይውላል፣ ምክንያቱም አጭርም ረጅምም ሰው ነው የሚመጣው፣ የተለያየ መጠን ያስፈልግሻል፣ ልጅ ይዘው የሚመጡም አሉ። የተከራየ ሰው እንደራሱ ንብረት አይነዳም፣ የፍሬን ጎማና ከመነዳሪ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ስለዚ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ ሞዴል ግዢ፣ ቆንጆ ሆኖ እቃው የማይገኝ አትግዢ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ጃፓን የለመደ ሰው የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጁ ነው፣ አሜሪካና አብዛኛው አውሮፓ ግን በግራ። ዳገት ሲወርድ ደንግጦ የለመደውን ሲጨብጥ በአናቱ የሚተከል አይቻለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ባለበት ቆሞ ሁለቱንም ፍሬን እንዲሞክር አርጊ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አንዴ በደንብ የተመታ ሄልሜት ደሞ ከውጭ ደህና ቢመስልም ከእንግዲህ አታከራዪው።

ኢንሹራንስ ሳትገቢ አንድ ቀን እንኳን እንዳትወጪ። እንግዳው "ሀላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" ብሎ የሚፈርማት ወረቀት ኢንሹራንስን አትተካም። ፓስፖርት በመያዣነት የሚወስዱ አሉ፣ ተይው፣ ቢጠፋ ጣጣው ያንቺ ነው፣ ኮፒና ዲፖዚት ይበቃል።

የእንግዳ_ቤት፦
እኔ እንኳን የምናገረው ስለ አመት ቅድሚያው ነው። ትንሽ የስጦታ እቃ ሱቅ ነበረኝ፣ ደንበኞቼ በሙሉ ቱሪስቶች። እ.ኤ.አ በ2019 በአለም ላይ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ የውጭ አገር ጉብኝት ተመዝግቦ ነበር፣ በ2020 ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። እኔ ጋ ለወራት አንድ ሰው አልገባም፣ ኪራዩ ግን አልቆመም፣ በመጨረሻ እቃዬን አከፋፍዬ ወጣሁ። ወረርሽኝ ባይመጣም ሲዝን የሚባል ነገር አለ፣ በደጉ ወራት የገባው ገንዘብ ትርፍ ይመስልሻል ግን የባዶዎቹ ወራት ቀለብ ነው፣ ለብቻ አስቀምጪው።

ሌላው፣ አሁንም ሆቴሉ ውስጥ እየሰራሽ ከሆነ ለአለቃሽ ንገሪው። ደብቀሽ የሆቴሉን እንግዳ ወደራስሽ ብትወስጂ ስራሽም ስምሽም ይሄዳል፣ በግልጽ ተነጋግረሽ ለሆቴሉ ትንሽ ኮሚሽን ብትሰጪ ግን የመጀመሪያ ደንበኛሽ ራሱ ሆቴሉ ነው የሚሆነው፣ ከኦንላይኖቹም ሊያንስልሽ ይችላል።

አዲስ_ጀማሪዋ፦
በጣም ነው የማመሰግናችሁ፣ የፍሬኑን ነገር በህይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ለአከራዩ አሁን ደውዬ ትቼዋለሁ አልኩት፣ ማናጀሬን ሰኞ አናግረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ሪቪው፣ ማለት እንግዳ ኦንላይን የሚጽፈው አስተያየት፣ የሌለው ሰው ማን ያምነዋል? ጓደኞቼ እንጻፍልሽ ይላሉ።

መንገደኛው፦
ጓደኞችሽ እንዳይጽፉ። ድርጅቶቹ ሲደርሱበት ያጠፉታል፣ ገጽሽንም ሊያስቀጡብሽ ይችላሉ። ሪቪው ለጻፈ ቅናሽ እሰጣለሁ ማለትም ጉግልም የተጓዦች አስተያየት የሚወጣበት ትሪፕአድቫይዘርም ይከለክላሉ። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ፣ መንገድ ላይ ፎቶ አነሳቸዋለሁ፣ ስንለያይ አዲስ እንደሆንኩና የሚጽፉት ነገር እንደሚጠቅመኝ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ፣ ከዛ የዛኑ ቀን ማታ ፎቶዎቹን ከሊንኩ ጋር እልካለሁ። ሳላሳድር የላክሁ ቀን ብዙዎቹ ይጽፋሉ፣ ሁለት ቀን ካለፈ ግን ሌላ ከተማ ገብተው ረስተውኛል።