የጨጓራው ዕቅድ፣ ሁለተኛ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦ ረቂቁን ልኬላችኋለሁ። ሐሳቡ በስብሰባው እንደ ተወሰነው ነው፦ በየሆስፒታላችን የተከማቹትን የጨጓራ ባዮፕሲ (ከሕሙማን ጨጓራ የተቆረጠ ናሙና) ስላይዶች እንደገና አይተን ሄሊኮባክተር ሄይልማኒ የተባለውን ባክቴሪያ መፈለግ። ርዕሱ «ብርቅዬው የጨጓራ ባክቴሪያና በሰው ላይ የሚያስከትለው ሕመም» ይላል። የአምናው ዕቅዳችን በገምጋሚው ለምን እንደ ተመለሰብን አትርሱ።

የደሴው አባል፦ «ብርቅዬ» ይውጣ። ብርቅዬ የምንለው ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቀይ ቀበሮን ነው። ሰው የሚያሳምም ተሕዋሲ በዚህ ስም አይጠራም።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከየአባሉ የተዋጣው 500 ብር ነው። የዘረመል ምርመራው ብቻውን ካዝናውን ባዶ ያደርገዋል።

ፓቶሎጂስቷ፦ ለፍለጋው ጊምሳ የሚባለው ማቅለሚያ ይበቃል፤ ለወባ በየቀኑ የምንጠቀምበት ጊምሳ። የተለመደው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ፓይሎሪ፣ አጠር፣ ጎበጥ ያለ ነው። ይህኛው ይረዝማል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ወይን ጠርሙስ መክፈቻ ተጠማዟል። ተበታትኖ ስለሚገኝ የቸኮለ ዓይን ያልፈዋል። ዘረመሉ የሚያስፈልገን ሄይልማኒን ከቅርብ ዘመዶቹ ከፊሊስ፣ ከቢዞዜሮኒና ከሱይስ ለመለየት ነው፤ በማይክሮስኮፕ አይለዩም።

የጎንደሩ አባል፦ «ብርቅዬ» ምን አጠፋ? አውሮፓ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ባዮፕሲ በአንዱ እንኳ አይገኝም። ብርቅ ነው ማለት ነው።

የደሴው፦ ብርቅና ብርቅዬ አንድ አይደሉም። «እምብዛም የማይታይ» በሉት።

የጎንደሩ፦ እንዲያ ካልን ገምጋሚው «ካልታየ ለምን ገንዘብ ይወጣበታል» ይለናል።

የደሴው፦ አንተ አምናም ስለ ርዕሱ እንዲሁ ብለህ ነበር፤ ውጤቱን አየነው።

የጎንደሩ፦ የአምናውን በእኔ ላይ አትለጥፍ! አርመህ የላክኸው አንተ ነህ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሁለት ቀን በአንድ ቃል! ስለ ውሻና ድመት ግን አንድ መስመር የለም። ጣሊያናዊው ሐኪም ቢዞዜሮ በ1893 እ.ኤ.አ. እነዚህን ጠመዝማዞች የገለጸው ከውሻ ጨጓራ ነው። ሱይስ የአሳማ ነው፤ አሳማ እምብዛም በማይረባበት አገር ወደ ሰው በማስተላለፍ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ውሻና ድመት ናቸው። የእኛ ሙያ እንደ ወትሮው ተረስቷል።

የጎንደሩ፦ እነሱ ርዕስ ላይ ከገቡ ሰው ድመቱን አውጥቶ ይጥላል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ሰውን የሚያስፈራው መደበቁ ነው። ጣሉ አንልም፤ ከነካችኋቸው በኋላ እጃችሁን ታጠቡ ነው የምንለው።

የደሴው፦ ስለ «ብርቅዬ» መልስ አልሰጣችሁኝም።

ፓቶሎጂስቷ፦ ለምን እንደምደክም ልንገራችሁ። አንዲት እናት ሦስት ዓመት ጨጓራዬን እያለች ተመላልሳለች። የሰገራ ምርመራዋ በተደጋጋሚ ነጻ ነው ተባለ፤ ምርመራው የተሠራው ለፓይሎሪ ስለሆነ ይህኛውን ብዙ ጊዜ ሳያገኘው ያልፋል። በመጨረሻ «ጭንቀት ነው» ተብላ ተሸኘች። ስላይዷን ሳየው አንድ ጥግ ላይ አራት ጠመዝማዛዎች ነበሩ። የሚያመጣው የጨጓራ መቆጣት አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ያለ ነው፤ ነገር ግን ማልት ሊምፎማ ከሚባለው ካንሰር ጋርም ይያያዛል። ያ ካንሰር ገና በጅምሩ ሳለ ባክቴሪያው በመድኃኒት ሲጠፋ አብሮ የጠፋባቸው ሕሙማን አሉ። ባክቴሪያው በስሙ የተጠራለት ጀርመናዊው ሄይልማን ከባልደረባው ጋር በ1991 እ.ኤ.አ. የጻፈው 39 ሕሙማንን ይዞ ነው። እኛ መደርደሪያ ሙሉ ስላይድ ይዘን በቃል እንጣላለን።

የደሴው፦ ዶክተር፣ ይቅርታ። የጮኽሁት የአምናው ስላንገበገበኝ ነው። ቃሉ ግን አሁንም ይውጣ።

ጸሐፊ፦ ወጥቷል። የስላይዶቹን ዝርዝር እስከ ረቡዕ አመጣለሁ ያለው የሐዋሳው አባል የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ያለ ዝርዝሩ ፍለጋ የለም። የዘረመሉ ምርመራ ይቅርና በገንዘቡ የጨጓራ ስላይድ በጊምሳ ስለ ማቅለም ሥልጠና እንስጥበት።

የጎንደሩ፦ እደግፋለሁ። ጎንደር ላይ ይሁን፤ አዳራሽ እኔ አገኛለሁ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ግማሽ ቀኑ ስለ ውሻና ድመት ከሆነ እስማማለሁ።

ፓቶሎጂስቷ፦ ፍለጋውስ?

ጸሐፊ፦ አባሪ 2 ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ርዕሱ «የጨጓራ ናሙና አቀላለም ሥልጠና» ሆኗል። የሐዋሳውን የሚያገኘው ካለ ይደውልለት፤ እኔ ስደውል አያነሣም።